የኮበለለው ፉርጎ

ሰው ሲኮበልል አይተናል፤ ገመዱን በጥሶ የኮበለለ በሬም ቀበሌ ለቀበሌ ሲፈለግ አይተናል። ድንጋይ የጫነ የባቡር ፉርጎ በጠራራ ቀን፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ፣ ብቻውን ቁልቁለቱን ወርዶ የሥራ አስኪያጅ ፒክአፕ ላይ ሲወጣ ግን እንጅባራ ያየችው በዚህ ግንቦት ነው። ኢንስፔክተር ትርሲት ስትደርስ ፉርጎው የመኪናውን ሞተር የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ጸጥ ብሎ ቆሟል።

የፖሊስ መኪናው ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስለነበረ ትርሲትና ረዳቷ ሳጅን ሰልማን የመጡት በባጃጅ ነው። ባጃጁ ጭቃ ይዞት ሁለቱም ወርደው ገፍተውታል፤ ስለዚህ ሕግ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ነው የደረሰው።

ፋብሪካው ከእንጅባራ ወደ ጥርባ መውጫ ላይ ያለ የጠጠር ፋብሪካ ነው። ላይ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ታች ክሬሸር ይፈጨዋል፣ መካከሉን ደግሞ አንዲት ትንሽ ባቡር ፉርጎዎቿን እየጎተተች ትመላለሳለች። ከየት አገር እንደተገዛች በቅጡ የሚያውቅ የለም። የከተማው ሙሽሮች ግን ከፊቷ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ባቡር የአዲስ አበባ ብቻ መስሏችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል።

ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር እንግዳው ይባላል። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም ነው። ትርሲት ጫማዋን ከጭቃው ሳትነቅል ጀመረ፤ ይህ አደጋ አይደለም፣ አሻጥር ነው አለ። ፉርጎው ላይኛው ሜዳ ላይ ከባቡሯ ተፈትቶ ለብቻው እንዲቆም የተደረገ ነበር፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ለቆታል። ሰውየውም ተይዟል። ማስረጃውን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ በሁለት ጣቱ ይዞታል፣ ፊልም ላይ እንዳየው። የብረት ፒን ነው፣ ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው።

«ኪሱ ውስጥ ተገኘ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የማን ኪስ?»

«የሙሐባው። ፉርጎ የሚቀጥለውና የሚፈታው ሠራተኛችን።»

ትርሲት ፒኑን አየችው። ፉርጎ ፈቺ ኪስ ውስጥ ፒን መገኘቱ ወጥ ቤት እጅ ላይ ጭልፋ እንደመገኘቱ ነው ብላ አሰበች፤ ግን አልተናገረችም። መኪናው እስከ መሬት ድረስ ትልቅ ሸራ መልበሱንም አየች። ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ ዝናብ እንዳይገባበት ነው ተባለች። ሞተሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ መኪና ከዝናብ ሲጠበቅ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሙሐባው ክሬሸሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው፤ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ሰልማን ካቴናውን ገና ሲያወጣ እሱ እጁን ዘረጋ።

*

ጣቢያ ሲደርሱ ሙሐባው ሳይጠየቅ ቃሉን ሰጠ። «ፉርጎው እግር ስር ታኮ ሳላደርግ ነው የፈታሁት። ረሳሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጻፉት።»

ሰልማን ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ሳጅን ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ ታዛዥ ተጠርጣሪ አጋጥሞት አያውቅም። ትርሲት ግን ጨርቁን አስፈታችው። መዳፉ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ ተልጧል፣ የሚሽከረከር ነገር ጨብጦ አልለቅም ያለ ሰው እጅ ነው። ምን ነካህ ስትለው ድንጋይ ስጭን ነው አለና መልሶ ጠቀለለው።

ፋይሉ ቀላል ይመስል ነበር፤ ኮማንደሩም ዓርብ ለዐቃቤ ሕግ ይላክልኝ ብሎ አዟል። ያላቀለለው ግን የሠርጉ ነገር ነው። ሙሐባው የቆላ ልጅ ነው፣ የጃዊ። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። እንጅባራ ሲሠራ ፀደይን ወደደ፣ ፀደይም ወደደችው። የፀደይ አባት አቶ አድማሴ ግን የላካቸውን ሽማግሌዎች ሲመልሱ ኖሩ፤ አንዴ ዘሩን አላውቅ፣ አንዴ ፈረስ የማይጋልብ ልጅ ምን ይረባኛል እያሉ። ለፋሲካ ነው በመከራ እሺ ያሉት። ሠርጉ እሑድ ነው፣ ሙሽራው ደግሞ ማቆያ ነው።

አቶ አድማሴ በዚያው ቀን ወደ ማታ ዳማ ፈረሳቸውን እየጋለቡ ጣቢያ መጡ። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ሲናገሩ ጣራ የሚነቀንቁ አዛውንት ናቸው፤ ለመቀመጥ እንኳ አልፈለጉም። ዓርብ ሽማግሌዎቹ ከእሳቸው ጋር ይሰበሰባሉ። ልጁ እስከዚያ ነጻ ካልወጣ ቃላቸውን ያነሳሉ፣ ድንኳኑም አይተከልም።

«እኔ አድማሴ በዘመኔ ለሰው እንቅፋት ሆኜ አላውቅም» አሉ። «የሰው ንብረት ያጠፋ ሰው ደጄን አይረግጥም።»

ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሙሐባው ሁሉንም ይሰማል። ትርሲት በመስኮቷ ስታየው አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያያል። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለገች፤ አላገኘችም። ያገኘችው ሐፍረት የመሰለ ነገር ነው፣ ሰው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው የሚያፍረው ዓይነት።

ማግስቱን ደግሞ ፀደይ መጣች። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ፣ ዓይኗ ያበጠ፣ አፏ ግን ያልደከመ ልጅ ናት።

«ሙሐባው እንኳን ፉርጎ፣ የቤት በር ዘግቶ ሁለቴ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው። ረሳሁ ካለ ዋሽቷል።»

«ራሱን ለማሳሰር?»

«እሱን እርስዎ ይድረሱበት። እኔ ብጠይቀው ምን አለኝ መሰለዎት፣ አባትሽን እንዳትቆጪያቸው አለኝ። ሠርጉን የሚያፈርሰው እኮ አባቴ ነው።»

ትርሲት ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ልጅቷ ስትወጣ ሰልማን ሲያፏጭ ሰማችው፤ እንዲህ ያለ ጨዋ አሻጥረኛ አይቼ አላውቅም ይላል።

*

ባቡሯን የሚነዳት ይርሳው የሚባል ሰው ነው። ፉርጎው ሲኮበልል እሱ ምሳ ቤቱ ዳማ ሲጫወት ነበር፤ ያሸነፋቸው ሰዎች ሁሉ በምሬት መስክረውለታል። ትርሲት ወሬ አልፈልግም፣ እንዴት እንደሚፈታ አሳየኝ አለችው። ሰልማን የሙሐባውን ቦታ ይያዝ ተባለ።

ሰልማን በድፍረት ሄዶ ሁለት ፉርጎዎች መካከል ገብቶ ቆመ። ይርሳው ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ የሳጅኑን ክንድ ይዞ እንደ ጥጃ ጎትቶ አወጣው።

«ፉርጎና ፉርጎ መካከል የሚቆም ሰው ሚስቱን ሊያስለቅስ የቸኮለ ሰው ነው» አለው። «ከጎን ነው የሚቆመው፣ እኔ ከማይህ ቦታ። ካላየሁህ ባቡሯን አልነካም።»

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ አሳያቸው። ፈቺው እጁን ያነሳል፣ ባቡሯ ፈጽማ ትቆማለች፣ ነጂው እጁን ከመሪው አንስቶ ያሳያል። ፈቺው የሚቀረውን ፉርጎ የእጅ ፍሬን ጎማ በምትመስል ብረት እያዞረ ያጠብቃል፣ እግሩ ስር ታኮ ያደርጋል፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው ከጎን ሆኖ በመንጠቆ ፒኑን የሚስበው። ፒኑንም ኪሱ ይከተዋል። ለምን ቢባል ፒኑ እሱ ኪስ ውስጥ እያለ ሌላ ሰው መጥቶ ፉርጎውን መልሶ ሊቀጥል አይችልም።

ሰልማን የኢንጂነሩን የላስቲክ ከረጢት ከጃኬቱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው።

«ታኮውን አሳየኝ» አለች ትርሲት።

ይርሳው ጎኑን አከከ። ታኮዎቹ ከጠፉ ሰንብተዋል፣ ብረት ናቸው፣ ቢጫ ቀለም የተቀቡ። ለኢንጂነሩ ተነግሮታል፣ ይታሰብበታል ብሏል። እስከዚያው ድንጋይ ነው የሚደረገው። ፍሬኑም ያረጀ ስለሆነ ብቻውን አይታመንም፤ ትንሽ ይዞ ትንሽ ቆይቶ ይለቃል።

«ሙሐባው ያን ቀን ድንጋይ አድርጎ ነበር?»

«በሁለት እጁ ተሸክሞ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። አድርጌያለሁ ሲለኝ ነው እኔም ባቡሯን ይዤ የሄድኩት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ተበላሸ፤ ወይም ትርሲት እንደምትለው እዚህ ላይ ጣፈጠ። ራሱን ለማዳን የሚዋሽ ሰው በየቀኑ ታያለች። ሙሐባው ግን ያደረገውን አላደረግኩም እያለ የሚዋሽ፣ ያውም ራሱን ለማስፈረድ የሚዋሽ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሆዱ ውስጥ ሌላ ሰው አለ።

*

ፉርጎው ተፈትቶ የቆመበት ሜዳ ላይ የእግር መንገድ ሐዲዱን ያቋርጣል። ገበሬ፣ ከብት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ሰልማን እዚያ ማስረጃ አገኘ፤ ያገኘው በእግሩ ነው። ጫማውን ሣር ላይ እየጠረገ ፊቱ በራ።

«ፋንድያ ነው» አለ፣ ወርቅ እንዳገኘ። «ፈረስ! ፈረስ ማለት ጋሪ ነው። ጋሪ ማለት ደግሞ ስንታየሁ ነው!»

ባቡሯ ሳትመጣ ድንጋዩን የሚያመላልሱት ከዳንግላ የመጡ ባለጋሪዎች ነበሩ። ባቡሯ ስትመጣ ተሰናበቱ። ከነሱ አንዱ ስንታየሁ ሲሄድ እዚያው በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይህች ብረት አንድ ቀን ጉድ ትሠራችኋለች ብሎ ምሎ ነበር። ትርሲት ጭቃው ላይ ያለውን የፈረስ ኮቴ ጎንበስ ብላ አየች፤ ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው። ከኮቴው ጎን የሰው ጫማ አለ፣ ከፈረስ የወረደ ሰው። ከዚያ በላይ አልነገራትም። ሰልማን ግን ቀድሞ ሚኒባስ አስቁሟል።

ዳንግላ ሲደርሱ ስንታየሁን ገበያው ጫፍ ጋሪው ላይ ተዘርግቶ አገኙት። ጉዳዩን ሲሰማ ከመፍራት ይልቅ ተደሰተ። ፒክአፑ ምን ያህል እንደተጎዳ በዝርዝር እንዲነግሩት ለመነ፤ ሰልማንም ሳያስበው ነገረው። ያን ቀን የት ነበርክ ሲባል እዚሁ ገበያ ነበርኩ አለ፣ ፈረሱን ኮቴው ላይ ብረት ሲያስመታ። ፈረሱ መቺውን ረግጦት ገበያው ሁሉ ሲስቅ ስለዋለ ያላየ ሰው የለም። ሁለት ሸማኔዎችና አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ሳይጠሩ መጥተው አዎ አሉ፣ የተረገጠውም ሰው እያነከሰ መጥቶ መሰከረ።

ትርሲት ግን እነሱን አልሰማችም። የምታየው ፈረሱ የቆመበትን ጭቃ ነው። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ አስፋልት ላይ ስለሚውል ብረት ይመታለታል፤ ብረቱም ጭቃው ላይ ጠርዝ ይተዋል። ዳንግላ ተወልዳ አድጋ ይህን ሜዳው ላይ ሳለች አለማስታወሷ አናደዳት። የሜዳው ፈረስ ባዶ እግሩን ነበር፤ የጋሪ ሳይሆን የግልቢያ ፈረስ ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ ታጭቀው የመጡት።

ወደ መናኸሪያው ሲመለሱ በንዴት መሬቱን አላየችምና አንድ ድንጋይ የእግሯን ጣት መታት። ዓይኗ ጨለመ።

«እኔን!» አለ ሰልማን። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳና አጥሩ ስር ወስዶ፣ ጠፍጣፋውን ወደ ታች አድርጎ፣ እንዳይንከባለል ነቅነቅ አድርጎ አስቀመጠው። ወሬውንም አላቋረጠም፤ ስለ ፈረስ ኮቴ አዲስ ሐሳብ እየመጣለት ነበር።

ትርሲት በአንድ እግሯ እንደቆመች ቀረች። «ለምን አነሳኸው?»

«ምኑን?»

«ድንጋዩን።»

ሰልማን ግራ ገባው። «ሌላ ሰው ይምታው እንዴ? ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ምጽዋት ነው፣ በእኛም በእናንተም።»

ሰልማን የተጎዳ ጣቷን ይዛ የቆመች መስሎት መድኃኒት ቤት ልሂድ ወይ አላት። እሷን ግን ስትስቅ አገኛት።

*

ድንጋይ ፋብሪካ ውስጥ ድንጋይ መፈለግ የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም። ሠራተኞቹ ቆመው አይዋቸው፤ ኢንጂነር እንግዳውም ከቢሮው ወጥቶ ወንጀለኛው ታስሮ ሳለ ፖሊስ ጠጠር የሚለቅመው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ትርሲት ሐዲዱን ትታ፣ ከእግር መንገዱ ማዶ፣ ቦዩን ተሻግራ ሣሩ ላይ አገኘችው። አንድ ጎኑ ላይ የግራሶና የዝገት መስመር አለበት፣ የፉርጎ እግር ያረፈበት። ጠፍጣፋው ወደ ታች ነው። ማንም ሰው፣ ከብትም እንኳ፣ ሊደናቀፍበት የማይችልበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው።

«ተንኮለኛ ይወረውራል» አለች ለሰልማን። «ይህን ያነሳው ሰው ግን ለሚቀጥለው መንገደኛ አስቦ ነው።»

ሰልማን ድንጋዩን ተሸከመ። ሸክሙ አስቸጋሪ ስለነበረ ለማረፍ ብሎ ሸራ ወደለበሰው ፒክአፕ ተጠጋ፤ ኢንጂነሩም በድንገት መኪናውን እንዳትነኩ ብሎ መጮኽ ጀመረ። ትርሲት ይህ ሰው ፉርጎው መኪናውን ሲጨፈልቀው እንኳ እንዲህ አልጮኸም ብላ አሰበች። ስለዚህ ሸራውን በጫፉ ይዛ ገለጠችው።

ከኋላ እግሮቹ ስር ሁለት ቢጫ ታኮዎች ተሸጉጠዋል። ፒክአፑ ተገፍቶ ወደ ኋላ ባለመሄዱ፣ ባለበት እንደ ቆርቆሮ የተጨማደደበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ታኮዎቹ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል።

ኢንጂነሩ ድምፁ አጠረ። የመኪናው የእጅ ፍሬን ተበላሽቶ እንደነበር፣ ሐዲዱ የሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ተዳፋት እንደሆነ፣ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ እንደሆነ ቀስ እያለ ተናገረ። ታኮዎቹን ለጊዜው ነበር የወሰዳቸው። ከአደጋው በኋላ ሊያወጣቸው ሞክሮ ነበር፤ ግን የፉርጎው ክብደት አጣብቋቸው እንቢ ስላሉት ሸራ አለበሰ።

«ታዲያ አሻጥር ያልከው ማን የሠራውን ነው?» አለችው፤ እርስዎ ማለቷን እዚያው ተወችው።

 ነገ ጣቢያ መጥቶ ቃሉን እንዲሰጥ ነገረችው፤ ታኮዎቹም መኪናው ሲነሳ ወደ ባቡሯ እንዲመለሱ ይርሳው ፊት አስማለችው። ከዚያ ወደ ሜዳው ተመልሳ የእግር መንገዱ ወዴት እንደሚያልፍ አንድ እረኛ ጠየቀች። እረኛው በእጁ ጠቆማት። ትርሲት ያየችውን ለሰልማን አልነገረችውም፤ ለሰልማን የተነገረ ነገር እንጅባራ ለመድረስ ባጃጅ አይፈልግም።

ማታ ግን ማቆያው ገብታ ሙሐባው አጠገብ ተቀመጠች።

«ድንጋዩን አግኝቼዋለሁ» አለችው። «ማን እንዳነሳውም ታውቃለህ። ምሳ ስትሄድ ዞር ብለህ አይተኸዋል። ሮጠህ ተመልሰህ ፍሬኑን ይዘህ ከፉርጎው ጋር እየሮጥክ ልታቆመው ሞክረሃል፣ እጅህ የተላጠው ያኔ ነው።»

ሙሐባው የተጠቀለለ እጁን አየ። 

«እባክዎ እኔ ላይ ይለቅ» አለ በመጨረሻ። «ብናገርም ፀደይን አጣለሁ፣ ዝም ብልም አጣለሁ። ዝም ብዬ ባጣት ይሻላል።»

ትርሲት ብዙ ዓመት ፖሊስ ሆና እንባዋን የሚያመጣባት ተጠርጣሪ ጥቂት ነው ያጋጠማት። ብድግ ብላ ወጣች፣ በሩንም ከሚገባው በላይ አጥብቃ ዘጋችው።

*

ዓርብ ጠዋት ሰልማን እንግዳ ትእዛዝ ተቀበለ። ያን ድንጋይ ከጣቢያው በር መካከል፣ ሰው ሁሉ የሚገባበት ላይ አስቀምጥ ተባለ። ማንንም አታንሳ አትበል፣ አንሳም አትበል፣ ብቻ ተመልከት። ትርሲት መስኮቷ ስር ተቀምጣ ታይ ጀመር።

መጀመሪያ ኢንጂነር እንግዳው መጣ። ስልክ እያወራ ነበርና ተራምዶት አለፈ። ለምስክርነት የተጠራው ይርሳው ሲደርስ ቆሞ አየውና ይህ የየትኛው ፉርጎ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ዞሮት ገባ። ሁለት ኮንስታብሎች ተሰናከሉበት፣ ተሳደቡ፣ አለፉ። ሰልማን ራሱ ሁለት ጊዜ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ትርሲት በመስኮቱ ስሙን ጠርታ አስቆመችው። ላብ አጠመቀው፤ በሕይወቱ እንዲህ ከባድ ግዳጅ አጋጥሞት አያውቅም።

አቶ አድማሴ ከሽማግሌዎቻቸው ቀድመው መጡ። ቃላቸውን ሊያነሱ የመጡ ሰው ስለሆኑ ፊታቸውን አጥቁረዋል። ዳማው በሩ ላይ ሲደርስ አቆሙት። ድንጋዩን አዩት። ከንፈራቸውን መጠጡ፣ በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፣ ከዚያ እያቃሰቱ ወረዱ። በሁለት እጃቸው አንስተው ግድግዳው ስር ወሰዱት፣ ጠፍጣፋውን ወደ ታች አድርገው አስቀመጡት፣ ነቅነቅ አድርገው ሞከሩት። እጃቸውን አራገፉ።

ትርሲት ወጥታ ተቀበለቻቸው።

«የመንግሥት በር ላይ እንቅፋት ይቀመጣል?» አሉ በቁጣ። «ሰው ቢሰበርስ?»

«ተሳስተናል፣ ጋሼ። ሁልጊዜ ያነሳሉ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። አባቴ ያወረሰኝ ነው። ድንጋይ ተራምዶ የሚያልፍ ሰው የሰው ደም ተራምዶ ያልፋል ይል ነበር።» ቁጣቸው በረደ፤ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ደስ ይላቸዋል። «መንገድ ላይ ብቻም አይደለም። በቀደም እንኳ እዚያ ሜዳው ላይ፣ ያ የብረት ጋሪ እግሩ ስር ድንጋይ ተወትፎበት አገኘሁ። ልጆች ናቸው መቼም። ሲሄድ ተሰናክሎ ሰው እንዳይፈጅ ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ወርጄ...»

 ዞረው ግድግዳው ስር ያስቀመጡትን ድንጋይ አዩት። ግራሶው ወደ ውጭ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ። ፉርጎውን ይዞት የነበረው እሱ ነው። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ፍሬኑ ለቀቀ።»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ያ ጣራ የሚነቀንቅ ድምፅ ጠፋ፤ ሰልማን እንኳ ለመስማት ተጠጋ።

«ልጁ አይቶኛል?»

«አይቶዎታል።»

አቶ አድማሴ ተጨማሪ አልጠየቁም። ፈረሳቸውን ሳያስሩ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ኮሪደሩን አቋርጠው ማቆያው በር ላይ ቆሙ። ሰልማን ቁልፉን ከፈተ። ሙሐባው ሲያያቸው ተነስቶ ቆመ።

«ይህን ሁሉ ስሰድብህ ትሰማ ነበር» አሉት። «ልጄን ልነሳህ ስል ትሰማ ነበር። ምነው አንዲት ቃል ብትናገር?»

ሙሐባው መሬት መሬት አየ። «አባቴን እንዴት ብዬ ልክሰስ።»

 አቶ አድማሴ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና እንባ ቀደማቸው፤ እሱን ለመደበቅ ወደ ትርሲት ዞረው ተቆጡ፣ እኔን አስገቢኝና እሱን አውጪው አሉ። ትርሲት በጎ ለመሥራት ድንጋይ ያነሳ ሰው ሁሉ ከታሰረ የዞኑ ማቆያ እንደማይበቃ፣ ሳጅን ሰልማንም የመጀመሪያው ታሳሪ እንደሚሆን አስረዳቻቸው። ፋይሉ ወደሚገባው ሰው ሄዷል፤ ታኮ የወሰደው ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ቃሉን እየሰጠ ነው። እሳቸው ግን አልሰሙም። ገብተው ልጁ የተኛበት ሰሌን ላይ ቁጭ አሉ። ልጁ የተቀመጠበት ላይ ሳልቀመጥ አልወጣም አሉ፤ ሙሐባውም እሳቸውን ትቼ አልወጣም አለ።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ የሙሽራዪቱን አባትና ሙሽራውን ማቆያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኟቸው፤ ማን ማንን እንዳሳሰረ ለማወቅ ብዙ ጠየቁ። ፀደይ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቱን አየች፤ ማንኛቸውን እንደምትቆጣ ጨነቃት።

አቶ አድማሴ እሷን ሲያዩ የሙሐባውን የተላጠ እጅ አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት፣ በጥንቃቄ፣ እንዳያሙት።

«ልጄ፣ ተነስ» አሉት። «እንሂድ። እሑድ ሠርግ አለብን፣ ድንኳኑም ገና አልተተከለም።»